ሰዓቱ የማን ነው? ስለ ስፖርት፣ ስለ ሥራ እና ስለተረፈችው ሰዓት

«ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?» ስፖርት ልጀምር ብሎ የተነሳ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልስ ሰጪውም ብዙ ነው። አንዱ ጎህ ሳይቀድ የሮጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ንቁ ሆኖ ይውላል ይላል። ሌላው ሰውነት የሚፍታታው ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሰውነት ነው። ታሪክ የሚነግረን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባለፉት 200 ዓመታት ሠራተኛው መቼ እንደሚሮጥ፣ መቼ ኳስ እንደሚጫወት በአብዛኛው የወሰኑት የፋብሪካ ደወል፣ የመሥሪያ ቤት ሰዓትና ሕግ ናቸው።

የሰውነትን ጉዳይ አስቀድመን እንጨርስ። የሰው የሰውነት ሙቀት ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ዝቅ ይላል፣ አመሻሽ ላይ ከፍ ይላል። ጉልበትም ከዚሁ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ከአቴንስ 2004 እስከ ሪዮ 2016 በተካሄዱ አራት ኦሊምፒኮች የተሳተፉ 144 ዋናተኞችን ውጤት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ዋናተኞቹ ፈጣን ሆነው የተገኙት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በጣም የሚዘገዩበት ሰዓት ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ ነው።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው የማራቶን ውድድርም በጠዋት አልተጀመረም። አዘጋጆቹ ሙቀቱን ለመሸሽ ብለው መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. በሮም ሰዓት ከቀኑ 11:30 ላይ አስጀመሩት። አበበ የመጨረሻውን መንገድ የሮጠው በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወሰደበት፤ በዘመኑ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር።

ታዲያ ጉዳዩ አለቀ? ሁሉም ሰው 11 ሰዓት ላይ ይሩጥ? አላለቀም። 11:30 ማለት እኮ አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚለቀቁበት፣ የታክሲ ሰልፉ የሚረዝምበት ሰዓት ነው። ሰውነት ለሩጫ በሚመቸው ሰዓት ሠራተኛው ሰልፍ ላይ ቆሟል። ለመሆኑ ይህ ሰዓት የማን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ ከፋብሪካ በፊት የነበረ የእጅ ባለሙያ ሥራውን በራሱ ሰዓት ይሠራ ነበር። ብዙዎች ሰኞን ጭምር አርፈው «ቅዱስ ሰኞ» እያሉ በቀልድ ይጠሯት ነበር። ባሕላዊ ጨዋታውም ግብግቡም የሚደረገው በእንዲህ ዓይነት ቀን ነው። ፋብሪካ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ። በቀን 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሥራ ሆነ። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ናት። ለጨዋታ የተረፈ ሰዓት አልነበረም።

ለውጥ የመጣው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። እነሱ ከወጡ ማሽኑን ለወንዶቹ ብቻ ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ስለሆነ ነፃነቱ ቀስ በቀስ ለሌላውም ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሠራተኛው ሆነች። ሠራተኛው 8 ሰዓት ላይ ወጥቶ፣ ታጥቦና ምሳውን በልቶ ሜዳ የሚደርሰው 9 ሰዓት ላይ ነው። የእንግሊዝ ኳስ በባሕሉ ቅዳሜ በእነሱ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመረው ከዚህ የተነሳ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ደጋፊ ቅዳሜ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰየመው፣ ሳያውቀው የ1850ን የፋብሪካ ሕግ ሰዓት ተከትሎ ነው።

ክለቦቹም ራሳቸው የሥራ ቦታ ልጆች ናቸው። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1878 የባቡር ሠራተኞች የመሠረቱት ቡድን ነበር። አርሰናል በ1886 ዉሊች በሚገኝ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመሠረተ። ዌስትሃም ከመርከብ ሠሪዎች መጣ። ግማሽ ቀን ዕረፍት ባይገኝ ኖሮ እነዚህ ክለቦች የሚጫወቱበት ሰዓት ባልነበራቸው።

በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ ሠራተኞች ሰዓቱን በትግል አገኙት። ሚያዝያ 21 ቀን 1856 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ድንጋይ ጠራቢዎች መሣሪያቸውን ጥለው ወደ ፓርላማው ሰልፍ ወጡ። ጥያቄያቸው ቀኑ ለሦስት እንዲከፈል ነበር፤ 8 ሰዓት ለሥራ፣ 8 ሰዓት ለዕረፍት፣ 8 ሰዓት ለራስ። በግንባታው ዘርፍ ተሳካላቸው። ከ63 ዓመት በኋላ፣ በ1919፣ የዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱን ሲያወጣ ያጸደቀው በኢንዱስትሪ የ8 ሰዓት የሥራ ቀንን ነው። «ከሥራ በኋላ ጂም እገባለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትርጉም ያገኘው ያ ሦስተኛው 8 ሰዓት ስለተገኘ ነው።

ሰዓቱ ከላይ የተሰጠበት አገርም አለ። በጃፓን የፖስታ ቤቱ የሕይወት ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ከአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሐሳቡን ወስዶ፣ ከኅዳር 1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሬዲዮ የሚተላለፍ የማለዳ ጂምናስቲክ አስጀመረ። ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በይፋ ዙፋን ላይ የወጡበት ነው። የኢንሹራንሱ ስሌት ግልጽ ነው፤ ደንበኛው ጤነኛ ሆኖ ረጅም ዕድሜ ከኖረ መሥሪያ ቤቱ ያተርፋል። ሬዲዮው ሲከፈት ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ አንድ ላይ እጁን ያነሳል። በጦርነቱ ዘመን ይኸው ጂምናስቲክ ሕዝብን በአንድ ትእዛዝ ማንቀሳቀሻ ሆነ። ከሽንፈቱ በኋላ ተቋረጠ፣ በ1951 በአዲስ መልክ ተመለሰ። ዛሬም ንጋት 12:30 ላይ ይተላለፋል። ከጃፓን የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ሰዓት ለሁሉም እኩል ከተመደበ ሽማግሌውም ሠራተኛውም ይንቀሳቀሳል። ሰዓቱን የሰጠው አካል ግን የራሱ ዓላማ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነሳት አለበት። ቀድሞ ብዙ ሰው «መቼ ስፖርት ልሥራ?» ብሎ የማይጠይቀው ሥራው ራሱ እንቅስቃሴ ስለነበረ ነው። ይህንን በማስረጃ ያሳየው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመ ሲሆን፣ ያወዳደረው የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችን ከትኬት ቆራጮቹ ጋር ነው። አውቶቡሱ አንድ ነው፣ ከተማውም ያው ነው። ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም ትኬት ቆራጮቹን የሚያጠቃው ከሾፌሮቹ ባነሰ መጠን ነበር፤ ቢያማቸውም ቀለል ይል ነበር። በፖስታ ቤት ሠራተኞች ላይም ደብዳቤ አዳዩ ከጸሐፊው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ለትኬት ቆራጩ ጠዋት ወይም ማታ የሚል ጥያቄ አልነበረም። ስፖርቱን ሥራው ላይ እያለ ሠርቶት ይገባል፣ ደመወዝም ይከፈልበታል።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ከአሰላ አቅራቢያ ካለው ቤታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም እንዲሁ። ለልምምድ የተለየ ሰዓት አልነበረውም፣ መንገዱ ራሱ ልምምዱ ነበር። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ስፖርት የሚበረታታበት የሥራ ቦታ ነበራቸው። የጀግኖቻችንን ጽናት ስናደንቅ፣ ሰዓት የሰጣቸውን ኑሮና ቀጣሪም ማሰብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዛሬው የከተማ ሠራተኛ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ወረቀቱ ላይ የሜልቦርን ድንጋይ ጠራቢዎች ጥያቄ ተመልሷል። ነገር ግን መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት አዋጁ አይቆጥረውም። ከከተማ ዳር ተነስቶ መሐል ከተማ ለሚሠራ ሰው የጠዋቱም የማታውም ሰዓት በትራንስፖርት ይበላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ቤት ስትደርስ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ገና ሳይነጋ ወጥታ እንድትሮጥ የሚመክራት ሰው ጨለማውን መንገድ አላሰበውም። ስለዚህ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ በማለዳ የሚሮጡትን አይቶ «የቀረው ሰነፍ ነው» ማለት ቀላል ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ይህንን በከፊል የተረዳ ሐሳብ ነበር። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሕዝቡ እንዲሮጥ፣ ልጆች ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። የተመረጠው ግን እሑድ ነው። ለምን እሑድ? ለብዙው ሠራተኛ የቀረችው እሷ ብቻ ስለሆነች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአምስት ቀን ቢከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። ይህ ደግሞ በወር አንድ እሑድ የሚሟላ አይደለም።

እና የትኛው ሰዓት ይሻላል? ለሠራተኛው ቀጥተኛው መልስ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ሊደገም የሚችለው ሰዓት ነው። ሰውነት ይለምዳል፤ ዘወትር ጠዋት የሚለማመድ ሰው በጠዋቱና በማታው ጉልበቱ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ ወርዶ በእግር መሄድ፣ በአሳንሰር ፋንታ በደረጃ መውጣትም ይቆጠራል፤ የለንደን ትኬት ቆራጮች ምስክር ናቸው።

ለቀጣሪና ለከተማ አስተዳደር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ የመጣው ሕግ ስለወጣ፣ የ8 ሰዓት ቀን የመጣው ሰዎች ስለተሰለፉ፣ የጃፓን ማለዳ ጂምናስቲክ የመጣውም አንድ መሥሪያ ቤት ስላቀደ ነው። የምሳ ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት የሚያራዝም ቀጣሪ፣ ሻወር ያለው መሥሪያ ቤት፣ ሲመሽ መብራት ያለው የእግረኛ መንገድ፣ ሰልፍ የማያስቆም አውቶቡስ፣ እነዚህ ሁሉ ለሠራተኛው ሰዓት ይመልሱለታል። ሰዓቱ እጁ ከገባ በኋላ ጠዋት ይሁን ማታ የሚለውን እሱው ይወስናል።