ሦስት ጊዜ ፊደል የቆጠሩት አባቶቻችን



ከዒሻ በኋላ መስጂድ ውስጥ ከሚቆዩት ሽማግሌዎች አንዱ ባለፈው ሰሞን ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች አውጥተው አሳዩኝ። አንዱ በ1970ዎቹ የተሰጣቸው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ነው፤ ስማቸው በግዕዝ ፊደል ሰፍሯል። ሁለተኛው ስማቸው በቁቤ የተጻፈበት የገበሬ ማኅበር ደረሰኝ ነው። ሦስተኛው የአንድ አሮጌ ኪታብ የተገነጠለ ቅጠል ሲሆን ገና ደረሳ ሳሉ ጠርዙ ላይ በዐረብኛ ፊደል ስማቸውን ጽፈውበታል። «ልጄ፣ የተማርኩት በየትኛው ነው?» አሉኝና ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ለምን እንዳልሳቅኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

በአርሲ ደጋ «ጎልማሳው ትምህርት ገባ» ሲባል ምንም የማያነብ ሰው ፊደል ቆጠረ ማለት ይመስለናል። ለብዙ አባቶቻችን ግን እንዲህ አልነበረም። ከጭላሎ ተራራ ሥር ባሉት መንደሮች ልጅ ከብት እየጠበቀ ሎሕ ይዞ ይቀራ ነበር። ከጥላሸት ቀለም በጥብጦ፣ ሸምበቆ ቀርጾ ይጽፋል፤ ያጠናውን ሲያሰማ ሎሑን አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። የበረታው ቁርኣኑን አኽትሞ ወደ ፊቅህ፣ ወደ ነሕውና ሰርፍ ያልፋል፤ ሸይኽ ፍለጋም ሩቅ አገር ይሄዳል። በዐረብኛ ፊደል ኦሮምኛ መጻፍም ነበር፤ ዓጀሚ የምንለው ነው። መንዙማውና ምክሩ በዚህ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሌላ ዓለም ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ የንጉሡ መንግሥት ከ18 እስከ 50 ዓመት ያለ ማንኛውም ያልተማረ ኢትዮጵያዊ በትርፍ ጊዜው ማንበብና መጻፍ እንዲማር ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ማስታወቂያው የሚለው ግን በአማርኛ ማንበብና መጻፍን ነው፤ ገጠር ላለው የአርሲ ገበሬ ደግሞ አስተማሪውም ወንበሩም አልደረሰውም። ብዙ ሙስሊም አባቶችም ትምህርት ቤቱ የልጁን ዲን ይወስድብኛል ብለው ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸው ከምንም የመጣ አልነበረም፤ ያኔ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ነበሩ።

የአርሲን ጎልማሳ መጀመሪያ ያናወጠው ግን ፊደል ሳይሆን ትራክተር ነው። በ1960 ዓ.ም በስዊድን እርዳታ አሰላን ማዕከል ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር መጣ፤ ቁሉምሳ የስንዴ ምርምር ጣቢያ ሆነ። ስንዴው ሲያተርፍ ባለመሬቶች መሬታቸውን ራሳቸው በማሽን ማረስ ወይም ለባለሀብት ማከራየት ጀመሩ፤ ጭሰኛው ተነቀለ። ከእርሻ ሌላ የማያውቅ የ30 እና የ40 ዓመት ሰው በአንድ ክረምት ሥራ መቀየር ግድ ሆነበት። ዛሬ «የሙያ ለውጥ» የምንለው እኛ ዘንድ የመጣው በምርጫ አልነበረም።

ከዚያ 1966 መጣ። በሚያዝያ ወር ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ። በ1967 መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንም በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ገቡ። ገበሬው ማኅበር ሲያቋቁም ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤ ማን ይጽፋል? ኪታብ የሚተረጉመው ሰው እዚያ ስብሰባ ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ሽማግሌያችን ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸውን እያዩ ነበር።

በ1971 ብሔራዊ የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻ ታወጀ። በአምስት ቋንቋ ተጀምሮ ኋላ 15 ደርሷል፤ ኦሮምኛም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአርሲ ሰው በአፉ ቋንቋ መጽሐፍ ያየው ብዙው ያኔ ነው። የሁሉም ቋንቋ መጽሐፍ የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ አልፊያ የሚያነበንበው ሰውዬ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ከ«ሀ» ጀመረ። ቀን አርሶ፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ይማራል፤ የቀረ ሰው ከቀበሌው ግፊት አያመልጥም። ግፊቱን የሚያነሱ አሉ፤ እውነት ነው። ግን እናቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን የጻፉት በዚያው ኩራዝ ነው፤ ይህንንም አብረን እናንሳ። በ1972 ዩኔስኮ ለዘመቻው ሽልማት ሰጠ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፊደሉ ዳግም ተቀየረ። በጥቅምት 1984 ኦሮምኛ በላቲን፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። (ከዚህ በፊት ሐረርጌ ላይ ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ የራሱ ፊደል ፈጥረውለት ነበር፤ 1948 ዓ.ም ግድም። የደረሰባቸው እገዳ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው፤ የሞቱትም በስደት ነው።) ቁቤ ለልጆች ምቹ ሆነ። በግዕዝ ፊደል የማኅበር ጸሐፊ የነበረው ጎልማሳ ግን ልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ኤ፣ ቢ» አለ። ሦስተኛ ጊዜው ነው።

አሁን ያልሳቅኩበትን ልንገራችሁ። እኔ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለሁ የኢማም ረዳት ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የኤሌክትሪክ ሙያ ለመማር ቆርጫለሁ። ለምዝገባ ስሄድ የመድረሳዬን ሸሃዳ አቀረብኩ። መዝጋቢዋ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ፤ የ8ኛ ክፍል ካርድ ጠየቀችኝ። የለኝም። አሁን ማታ ክፍል 7ኛ ነኝ፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ 17 ዓመቱ ነው፣ «ኡስታዝ» ይለኛል።

ሰፈር ውስጥ «ዒልሙን ጥሎ ዱንያ ፍለጋ ገባ» የሚሉ አሉ። ለእነሱ አል-ቀፋል አል-መርወዚን አስታውሳቸዋለሁ። እኛ የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ትልቅ ኢማም ናቸው፤ በ417 ሒጅራ ሞቱ። «ቀፋል» ማለት ቁልፍ ሠሪ ነው። እስከ 30 ዓመታቸው ድረስ እጀ ብልህ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ከነመክፈቻው ሚዛን የማይደፋ ቁልፍ ይሠሩ ነበር ይባላል። ፊቅህ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። እርሳቸው ከመዶሻ ወደ ኪታብ፣ እኔ ከኪታብ ወደ ሽቦ። መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ በ30 ዓመት ከልጆች ጋር የመቀመጡ ኀፍረት ግን ያው አንድ ነው። የሙያ ስማቸውንም ኢማም ከሆኑ በኋላ አልጣሉትም።

ደግሞ ባዶ እጄን አልገባሁም። ባለፈው ወር መምህሩ ክፍልፋይ ሲያስተምሩ ግማሹ ክፍል ተጨነቀ። እኔ ፈራኢድ ቀርቻለሁ። ሟች ሚስት፣ እናትና ወንድ ልጅ ቢተው ሚስት ስምንተኛውን፣ እናት ስድስተኛውን፣ ልጅ የቀረውን ይወስዳል። መነሻውን 24 አድርገው፤ ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ለልጅ 17። ሰሌዳው ላይ ወጥቼ ሠራሁት። መምህሩ «ይህን የት ተማርክ?» አሉኝ። ያ ሸሃዳ ላይ የተጻፈው እሱ ነበር።

ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ወረቀቶቻቸውን መልሰው ጠቀለሉ። «እንግሊዝኛውስ እንዴት ነው?» አሉኝ። እሱ ከብዶኛል አልኳቸው። ከመግሪብ በፊት ግማሽ ሰዓት ከታናሽ ልጄ ደብተር አብረን እያነበብን ነው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ይዘው ይመጣሉ።