አሮጌ ቤት ሲገዛ በሸካራ ኮርኒስ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል አስቤስቶስ

በአሜሪካ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ኮርኒስ ላይ በስፋት የሚታየው ሸካራ ቅብ አስቤስቶስ የተባለውን ቃጫ መሰል ማዕድን የያዘ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው ውሉ ከመጽናቱ በፊት ጉዳዩን ማጣራት ይኖርበታል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሚገኙ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩ ሲሆን፣ በእነዚሁ አካባቢዎች ለገበያ ከሚቀርቡት ቤቶች ብዙዎቹ በተጠቀሰው ዘመን የተሠሩ በመሆናቸው ጥያቄው ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅቡ በመርጫ መሣሪያ እየተረጨ ወይም በእጅ እየተለሰነ የሚሠራ ነው። ከደረቀ በኋላ በትናንሽ እብጠቶች የተሞላ መልክ ስለሚይዝ አሜሪካውያን በተለምዶ «የፈንዲሻ ኮርኒስ» ይሉታል። ሥራው ርካሽና ፈጣን ነበር፤ የጂፕሰም ቦርድ መገጣጠሚያዎችን ጉድለት ይሸፍናል፣ ድምፅንም በመጠኑ ይውጣል። አስቤስቶስ ይጨመርበት የነበረው ድብልቁን ለማጠንከርና እሳትን እንዲቋቋም ለማድረግ ነው። ይሁንና በዚያው ዘመን በወረቀት ብናኝ ወይም በፖሊስታይሪን እንክብሎች የተሠሩ ኮርኒሶችም ስላሉ፣ ሸካራ የሆነ ሁሉ አስቤስቶስ አለበት ማለት አይደለም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ወደ ሳንባ የሚገቡት ጥቃቅን ቃጫዎች የሳንባ ካንሰርን፣ ሜሶተሊዮማ የተባለውን የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰርን እንዲሁም አስቤስቶሲስ የተባለውን የሳንባ ጠባሳ ያስከትላሉ። በሽታዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚገለጡት ሰውየው ለአቧራው ከተጋለጠ ከ10 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው። በዛሬው ሥራና በነገው ሕመም መካከል ያለው ይህ ርቀት ሰዎችን የሚያዘናጋ ዋነኛ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ እጅግ ይጨምራል።

ጉዳት የሚደርሰው ቃጫዎቹ ከአየር ጋር ተቀላቅለው ሲተነፈሱ ነው። ያልተሰነጠቀ፣ ውኃ ያልገባበትና ማንም የማይነካው ኮርኒስ ቃጫ ወደ አየር የሚለቅበት ምክንያት ብዙም የለም። ስለሆነም የገዢው ጥያቄ አስቤስቶስ አለ ወይስ የለም በሚለው ብቻ የሚወሰን ሳይሆን፣ ኮርኒሱ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል፣ ቤቱን ከተረከበ በኋላስ ምን ሊሠራበት አስቧል የሚለውንም ይጨምራል። መብራት ለመቀየር፣ ግድግዳ ለማፍረስ ወይም ኮርኒሱን ለማለስለስ ያሰበ ሰው ስጋቱ ቤቱን እንዳለ ሊኖርበት ካሰበው ሰው ይለያል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1973 አስቤስቶስን ለእሳት መከላከያና ለሙቀት መጠበቂያ እየረጩ መለሰንን የከለከለ ሲሆን፣ በ1978 ክልከላው ለማስዋቢያ የሚረጨውንም እንዲጨምር አድርጓል። ኤጀንሲው በ1989 ያወጣው ሰፊ የእገዳ ደንብ ግን በ1991 በይግባኝ ፍርድ ቤት አብዛኛው ክፍሉ ተሽሯል። በመጋቢት 2024 የወጣው ደንብ ነጩን አስቤስቶስ፣ ማለትም ክሪሶታይልን፣ ወደ አገር ማስገባትንና በሥራ ላይ ማዋልን በደረጃ የሚያግድ ነው። እነዚህ እርምጃዎች በሙሉ አዲስ የሚመረተውንና የሚሠራውን የሚመለከቱ በመሆናቸው፣ ቀድሞ በቤቶች ኮርኒስ ላይ የተለሰነው በነበረበት ቀርቷል። ከ1978 በኋላ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ኮርኒሶች ላይም አስቤስቶስ የተገኘበት ጊዜ ስላለ፣ ቤቱ በ1980 ወይም በ1981 መሠራቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ይህ 1978 የተባለው ዓመት ገዢዎችን ሲያደናግር ይስተዋላል። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ መሠረት ከ1978 በፊት የተሠራ መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው እርሳስ ስላለበት ቀለም የሚያውቀውን ለገዢው በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ገዢው ከሚፈርማቸው በርካታ ወረቀቶች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ ዓመቱ ተመሳሳይ በመሆኑ አስቤስቶስንም የሚያጠቃልል የሚመስላቸው አሉ። አያጠቃልልም። አስቤስቶስን በተመለከተ ሻጩ እንዲያስመረምር ወይም እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ተመሳሳይ ፌዴራላዊ ሕግ የለም፤ የግዛቶች ሕግም እንደየግዛቱ ይለያያል። በብዙ ግዛቶች ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት የመግለጽ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ አስመርምሮ የማያውቅ ሻጭ «አላውቅም» ብሎ መመለስ ይችላል። እንዲያውም ውጤቱን ካወቀ የመግለጽ ግዴታ ስለሚመጣበት ባያስመረምር የሚመርጥ ሻጭ ቢኖር አያስገርምም። በዚህም ምክንያት የማጣራቱ ኃላፊነት በተግባር የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው።

መደበኛው የቤት ፍተሻም ክፍተቱን አይሞላውም። ጣሪያውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና የውኃ ቧንቧውን የሚያየው ባለሙያ የአስቤስቶስ ምርመራን ብዙውን ጊዜ ከሥራው ውጭ ያደርገዋል፤ ቢበዛ «ሊኖር ይችላል» ብሎ ይጽፋል። በዓይን በማየት መለየት ደግሞ ለማንም የሚቻል አይደለም። እርግጠኛው መንገድ ከኮርኒሱ ናሙና ተወስዶ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ እንዲታይ ማድረግ ነው። ከ1 በመቶ በላይ አስቤስቶስ የተገኘበት ነገር በፌዴራል ደንብ አስቤስቶስ እንደያዘ ይቆጠራል።

ድብልቁ በየክፍሉ ሊለያይ ስለሚችል አንድ ናሙና በቂ አይደለም። ለትምህርት ቤቶች በወጣው የፌዴራል ደንብ አንድ ዓይነት ለሆነ ልስን እስከ 93 ካሬ ሜትር ድረስ ቢያንስ 3፣ ከዚያ በላይ እስከ 465 ካሬ ሜትር 5 ናሙና ይወሰዳል። ደንቡ መኖሪያ ቤትን ባያስገድድም እንደ መመዘኛ ቢያዝ መልካም ነው። የአንድ ናሙና የላቦራቶሪ ዋጋ በአብዛኛው ከ100 ዶላር በታች ሲሆን፣ ኮርኒሱን በባለሙያ ማስነሳት ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ናሙናውን የሠለጠነ ባለሙያ እንዲወስደው የሚመከር ሲሆን፣ ይህ ባለሙያ ኮርኒሱን ከሚያነሳው ድርጅት ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው መሆን አለበት። ሥራውን የሚያገኘው ድርጅት ራሱ መርማሪ ከሆነ ውጤቱን ማመን ያስቸግራል።

ኮርኒሱ የሻጩ ንብረት በመሆኑ ናሙና የሚወሰደው በሻጩ ፈቃድ ነው። ገዢው ምርመራውን በውሉ ውስጥ በተሰጠው የፍተሻ ጊዜ ውስጥ ማስጨረስ ይገባዋል። ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ውጤቱ አስቤስቶስ መኖሩን ካሳየ ገዢው ዋጋ እንዲቀነስለት፣ ሻጩ በራሱ ወጪ እንዲያስነሳ ወይም ውሉ እንዲፈርስ ለመደራደር የሚያስችል ሰነድ በእጁ አለ። የፍተሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ የተገኘ ውጤት ግን ይህን አቅም አይሰጥም።

አስቤስቶስ መኖሩ ከተረጋገጠ የግድ ይነሳ ማለት አይደለም። ደህና የሆነውን ሳይነኩ መተውና በየጊዜው መመልከት፣ በአዲስ ጂፕሰም ቦርድ ማስሸፈን ወይም ማስነሳት ይቻላል። ማስሸፈን ከማስነሳት ብዙ ጊዜ ቢረክስም ብሎኖቹ ቅቡን የሚበሱ በመሆኑ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ ነው፤ የተሸፈነውም ነገር በቤቱ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። በሚነሳበት ጊዜ ክፍሉ በላስቲክ ይታሸጋል፣ አየሩ በልዩ ማጣሪያ እየተሳበ ይወጣል፣ ቅቡ እየረጠበ ይፋቃል፣ ቆሻሻው በታሸገና ምልክት ባለው ከረጢት ይወገዳል። በመጨረሻም ገለልተኛ ባለሙያ የክፍሉን አየር ይለካል።

ከሁሉም የሚያሰጋው ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በቅዳሜና እሑድ በራስ እጅ ወይም በቀን ሠራተኛ ማስፋቅ ነው። በተለይ በላዩ የዘይት ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ውኃ ስለማያስገባ በደረቁ እየተፋቀ ብዙ አቧራ ያስነሳል። ተራ የወረቀት ጭምብል ቃጫዎቹን አያግድም፤ ተራ የአቧራ መሳቢያም መልሶ ይበትናቸዋል። አስቤስቶስን ስለማስወገድ የወጣው ዋነኛው የፌዴራል የአየር ብክለት ደንብ እስከ አራት ቤተሰብ የሚይዙ መኖሪያ ቤቶችን በአብዛኛው የማይመለከት በመሆኑ፣ ባለቤቱ ራሱ እንዲያነሳ የሚፈቅዱ ግዛቶች አሉ። ሕጉ መፍቀዱ ግን አቧራውን አይቀንሰውም። ደመወዝ ተከፍሎት የሚሠራ ሰው ካለ ደግሞ የሠራተኞች ደህንነት ሕግ ተፈጻሚ ይሆናል።

ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታም መታየት ይገባዋል። ከ1919 እስከ 1990 በአሜሪካ ከተሸጠው ቨርሚኩላይት የተባለ የሙቀት መከላከያ ጠጠር ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በሞንታና ግዛት ሊቢ ከተማ አጠገብ ከነበረው ማዕድን የወጣ ሲሆን፣ ማዕድኑ በአስቤስቶስ የተበከለ ነበር። ቀለል ያለና ግራጫ ወይም ወርቅማ ቡናማ መልክ ያለው ይህ ጠጠር በቤቱ ጣሪያና ኮርኒስ መካከል ተነስንሶ ከተገኘ፣ ኮርኒሱ ራሱ ከአስቤስቶስ ነፃ ቢሆንም እንኳ ለመብራት ወይም ለአየር ማናፈሻ ቀዳዳ ማውጣት ጠጠሩን ወደ ክፍሉ ያፈሰዋል። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ባለቤቶች እንዲህ ያለውን ጠጠር አስቤስቶስ እንዳለበት ቆጥረው እንዳይነኩት ይመክራል።