በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከየት መጣ?

«ዶክተር፣ ሆዴ ሳይከፈት በቀዳዳ አይሠራልኝም?» የሚለው ጥያቄ እየበዛ ነው። ዛሬ የላፓራስኮፒን ታሪክ ላጫውታችሁ፤ መጨረሻ ላይ ለወላጆች መልእክት አለኝ። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1901 ጀርመናዊው ጌኦርግ ኬሊንግ የውሻ ሆድ በአየር ነፍቶ ውስጡን በቀጭን መመልከቻ አየ። በ1910 ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤውስ ዘዴውን በሰው ላይ ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያው ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ለምርመራ ብቻ ነበር የሚያገለግለው።

በ1980 የማህፀን ሐኪሙ ኩርት ዜም ትርፍ አንጀትን በዚህ መንገድ አወጣ። ያገኘው ግን ምስጋና ሳይሆን ተቃውሞ ነው፤ ከሥራው እንዲታገድ እስከመጠየቅ ተደረሰ። በ1985 ኤሪክ ሙኸ የሐሞት ከረጢት በላፓራስኮፒ አወጣ። በማግሥቱ ዓመት ለጀርመን የቀዶ ሕክምና ማኅበር ሲያቀርበው ብዙዎች አልተቀበሉትም። ያው ማኅበር በ1992 ሸለመው!

ተቃውሞው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ሆድን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ፣ በዓይን አይቶና በእጅ ዳስሶ መሥራት ነበር የሚታመነው። ካሜራው ምስሉን በስክሪን ላይ ሲያሳይ ግን የቀዶ ሕክምና ቡድኑ በሙሉ ውስጡን ማየት ቻለ።

ዛሬ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል፤ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች በትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቁስሉ የመመርቀዝ ዕድሉ ያንሳል፣ ታካሚው ቶሎ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ይመለሳል። በአገራችንም በአዲስ አበባ በመንግሥትና በግል ሆስፒታሎች፣ በተለይ ለሐሞት ጠጠርና ለማህፀን ችግሮች ይሠራል። ሙሉ ማደንዘዣ፣ መሣሪያና የሠለጠነ ቡድን ስለሚፈልግ ግን በየከተማው አይገኝም። አንዳንዴም ለታካሚው ደኅንነት ሲባል መሐል ላይ ሆድ ይከፈታል፤ ይህ የሐኪሙ ስህተት አይደለም።

አሁን መልእክቴ፦ ለሐሞት ጠጠር ሐኪምዎ ጊዜ አለ ካለዎት ተመካክሮ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። ትርፍ አንጀት ግን ጊዜ አይሰጥም። ልጅዎ እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆዱ የሄደ ሕመም፣ ትውከትና ትኩሳት ካለው፣ ከኩየራ አዲስ አበባ ድረስ «ቀዳዳ» ፍለጋ አይጓዙ። ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ዛሬውኑ ይውሰዱት። ከፈነዳ በኋላ ከሚሠራ ላፓራስኮፒ፣ ሳይፈነዳ በጊዜ የተከፈተ ሆድ ይሻላል።

ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ።