ከባለ ደወሉ ሣጥን እስከ እጅ ስልክ፦ የሱቅ ሠራተኛ መሣሪያ አጭር ታሪክ

በመካከላችን ሱቅ ያላቸው፣ ልጆቻቸውም በሱፐርማርኬትና በመድኃኒት ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆነው የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም። ማታ ሲገቡ «ዛሬም ሲስተሙ ሲያስቸግረን ዋለ» ሲሉ እንሰማለን። ሒሳብ ሲጎድል ደግሞ በብዙ ቤት ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ስምም ይጠፋል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ከየት እንደ መጣና ለማን ታስቦ እንደ ተሠራ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ጥቂት ማለት ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ በዴይተን ከተማ ነው። ጄምስ ሪቲ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ሠራተኞቹ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ እየቀነሱ ስላስቸገሩት ዘዴ ይፈልግ ነበር። በመርከብ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ የመርከቡን መዘውር ዙር የሚቆጥር መሣሪያ አይቶ ሐሳቡን ከዚያ እንዳገኘ ይነገራል። ከወንድሙ ከጆን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1879 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ለመሣሪያው ያወጣለት ስም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የማይሰርቅ ገንዘብ ተቀባይ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ መሣሪያው የተወለደው ሠራተኛውን ለመርዳት ሳይሆን ለመጠበቅ ነው።

በ1884 ጆን ፓተርሰን ድርጅቱን ገዝቶ ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ብሎ አስፋፋው። ሽያጭ በተመዘገበ ቁጥር የሚጮኸው ደወልም ለባለቤቱ ጆሮ የታሰበ ነበር። የሠራተኛው ድካም የታሰበው ቆይቶ ነው። በ1906 ቻርልስ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሬጅስተር ሠራ፤ በእጅ ማዞር ቀረ።

ትልቁ እፎይታ ግን በባርኮድ መጣ። ጆሴፍ ውድላንድና በርናርድ ሲልቨር መብቱን በ1952 ቢያገኙም ሥራ ላይ ለመዋል ብዙ ዓመት ፈጀ። ሰኔ 26 ቀን 1974 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በኦሃዮ፣ በትሮይ ከተማ በሚገኝ ማርሽ የተባለ ሱፐርማርኬት፣ 67 ሳንቲም የሚያወጣ አንድ እሽግ ማስቲካ ለመጀመሪያ ጊዜ በመብራት ተነቦ ተሸጠ። እስከዚያ ድረስ ሒሳብ ተቀባይዋ የየዕቃውን ዋጋ እያየች በጣቷ ትመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋውን የሚያስታውሰው ኮምፒውተሩ ሆነ። በ1986 ደግሞ ጂን ሞሸር የተባለ ሰው ለምግብ ቤት ሥራ በቀለም የተለየና በጣት የሚነካ ስክሪን አወጣ፤ ሠራተኛው ቁጥር ማጥናት ቀርቶ የምግቡን ስም አይቶ መንካት ብቻ በቂው ሆነ።

በአገራችንም የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ግዴታ ያደረገው ደንብ ቁጥር 139 ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ወጣ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጨመረ። እያንዳንዱ የራሱ ጥቅም አለው፤ ደረሰኝም ቢሆን እኮ ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ሠራተኛ ከሐሜት የሚያድን ምስክር ነው። ችግሩ መደራረቡ ነው። ሠራተኛዋ ለሽያጭ አንድ፣ ለዕቃ ቆጠራ ሌላ፣ ለክፍያ ሌላ አፕ ትከፍታለች፤ ለየአንዳንዱ የይለፍ ቃል ታስታውሳለች፤ ሰልፉ ደግሞ አይጠብቃትም። ስሕተት የሚገባው በዚህ መካከል ነው፤ ዕዳው የሚወድቀው ግን በፕሮግራሙ ሠሪ ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ ነው።

ከታሪኩ እንደምንረዳው መሣሪያው የቀለለው አንድ ሰው የሠራተኛውን እጅና ዓይን ባየ ጊዜ ነው። ስለሆነም ሱቅ ያላችሁ አባሎቻችን አዲስ ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት የምትሠራበትን ልጅ አስቀድማችሁ አስሞክሯት። በአማርኛ ይነበባል ወይ? የተሳሳተውን በቀላሉ ማረም ይቻላል ወይ? ኔትወርክ ሲጠፋስ ምን ይደረጋል? አንድ ዕቃ ለመሸጥ ስንት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል? ብላችሁ ጠይቁ።

የዕድራችን መዝገብ ስም፣ ወርና ገንዘብ ብቻ ነው የሚይዘው። ገንዘብ ያዡ ቢታመም ማንም አባል ተቀብሎ ይሠራበታል። የሱቁም መሣሪያ እንዲሁ ቢሆን ማን ይጠላል? ለባለቤቱም ገንዘቡ፣ ለሠራተኛዋም ደመወዟና ስሟ ይጠበቅ ነበር።