የፕሮሰሰርና የማዘርቦርድ አመራረጥ በታሪክ ሲመረመር

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የዚህን ምሳሌ እውነተኛነት የክፍላችን ተማሪዎች ባለፈው ዓመት በገንዘባችን ተምረነዋል። ኮምፒዩተር ገጣጥመን ለታናናሾቻችን ለመተው አስበን መዋጮ ሰበሰብን፤ ፕሮሰሰሩን ከአንድ ሱቅ፣ ማዘርቦርዱን ከሌላ ሱቅ፣ ዋጋቸውን ብቻ እያየን ገዛን። ሁለቱም ደኅና ዕቃዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ በማዘርቦርዱ ሶኬት ላይ አልገጠመም። ጥፋቱ የእኛው ነበር። እኔም «ለመሆኑ እነዚህ ሁለቱ መለያየት የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?» ብዬ ታሪኩን መመርመር ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮሰሰር ስሌቱንና ትእዛዙን ሁሉ የሚፈጽመው ክፍል ሲሆን፣ ማዘርቦርድ እርሱን ከሜሞሪውና ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው ሰሌዳ ነው። በ1971 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 4004 የተሰኘውን ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ይህ ቺፕ 2,300 ትራንዚስተሮች ብቻ ነበሩት፤ መጀመሪያ የታሰበውም ቢዚኮም ለተባለ የጃፓን ኩባንያ የሒሳብ መኪና ነበር።

በ1981 አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሩን በኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር ሠርቶ አወጣ። ይሁን እንጂ በአንድ አቅራቢ ብቻ መተማመንን አልወደደም። ስለዚህ ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያ በ1982 ከኢንቴል ጋር ተዋውሎ ያንኑ ዓይነት ፕሮሰሰር ይሠራ ጀመር። ኢንቴል በ1985 ያወጣውን 386 ግን ለማካፈል አልፈቀደም። ክርክሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ኤ.ኤም.ዲ. በ1991 የራሱን 386 አወጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይም ሶኬት 7 የተባለው መቀመጫ የኢንቴልን፣ የኤ.ኤም.ዲ.ንና የሳይሪክስን ፕሮሰሰሮች ይቀበል ነበር። ገዢው አንድ ማዘርቦርድ ይዞ ከሦስት ኩባንያዎች መካከል ሊመርጥ የቻለበት ዘመን ይህ ነው።

ይህ ዘመን ግን ብዙ አልቆየም። ኢንቴል በ1997 ፔንቲየም 2ን ስሎት 1 በሚባል በራሱ ማስገቢያ አወጣ። ኤ.ኤም.ዲ.ም በ1999 አትሎንን በስሎት ኤ አወጣ። የሁለቱ ማስገቢያ በቅርጽ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ በኤሌክትሪክ አሠራሩ የማይገናኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ መንገድ ተለያየ።

ከተለያዩም በኋላ የመቀመጫዎቹ ዕድሜ እኩል አልሆነም። ኤ.ኤም.ዲ. በ2017 ራይዘንን ያስቀመጠበት ኤ.ኤም.4 ሶኬት ብዙ ዓመት ስለ ቆየ፣ ከመጀመሪያዎቹ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ባዮሳቸው ታድሶ በ2022 የወጣውን ፕሮሰሰር ለመቀበል ችለዋል። በኢንቴል በኩል ግን በ2020 ሶኬት 1200፣ በ2021 ሶኬት 1700፣ በ2024 ሶኬት 1851 ተከታትለው ወጡ። የሶኬት ስም አንድ መሆኑም ብቻውን አይበቃም። በ2017 የወጡት የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች የሶኬታቸው ስም እንደ ቀድሞው 1151 ቢሆንም፣ ለቀደሙት ማዘርቦርዶች የተሠሩ አልነበሩም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ሁለት ግዢ ሳይሆኑ አንድ ግዢ መሆናቸውን ነው። የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሥራ ይወቅ፤ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን ይምረጥ፤ ከዚያም የማዘርቦርዱ ፋብሪካ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ስም መኖሩንና የትኛውን ባዮስ እንደሚፈልግ ይመልከት። ሜሞሪውም ዲ.ዲ.አር.4 ወይም ዲ.ዲ.አር.5 መሆኑን ይለይ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባምና።

እኛም ማዘርቦርዱን በኪሣራ ሸጠን የሚስማማውን ገዛን። ኮምፒዩተሩ ዛሬ ለታናናሾቻችን በመሥራት ላይ ይገኛል። ተከታዮቻችን ሆይ፣ እኛ የከፈልነውን ዋጋ እናንተ ደግማችሁ አትክፈሉ።