ዝቅተኛ ጥበቃ ያለው ማረሚያ ቤት፦ ከዕቅድ እስከ ግንባታ ውል

ዝቅተኛ ጥበቃ የሚደረግበት ማረሚያ ቤት ከአጥርና ከማማ ይልቅ በታራሚው ራስን የመግዛት ኃላፊነት ላይ የቆመ ተቋም ነው። በኖርዌይ የባስቶይ ደሴት ታራሚዎች በእንጨት ቤቶች እየኖሩ እርሻ ያርሳሉ፤ ከብት ያረባሉ። የማንዴላ ደንቦች በመባል የሚታወቁትና የተባበሩት መንግሥታት በአውሮፓውያኑ 2015 አሻሽሎ ያጸደቃቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦችም፣ ክፍት ተቋም በጥንቃቄ ለተመረጡ ታራሚዎች መታረም እጅግ አመቺ መሆኑን ያስቀምጣሉ።

ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ከታራሚዎች ምደባ ነው። ስንቶቹ ለዚህ ተቋም ብቁ እንደሆኑ ካልታወቀ፣ የመኝታውም የሥራ ቦታውም መጠን ግምት ብቻ ይሆናል። ቦታው ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ ያለው፣ ለሕክምና፣ ለሥራና ለቤተሰብ ጥየቃ የሚቀርብ መሆን ይኖርበታል።

ጨረታ መውጣት ያለበት ንድፉና የሥራ ዝርዝሩ ከተጠናቀቁ በኋላ ነው። ከውል በኋላ የሚታዘዝ ተጨማሪ ግንብ ወይም ክፍል ወጪውን ያንራል፤ ርክክቡንም ያዘገያል። ሥራ ተቋራጩ ጉድለቶችን የሚያስተካክልበት ጊዜና እስከዚያ የሚያዝበት ገንዘብም በውሉ መስፈር አለባቸው።

በምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ ፈተና መጨናነቅ ነው። የማንዴላ ደንቦች ፍርድ ያላገኙ እስረኞች ከተፈረደባቸው ተለይተው እንዲያዙ ያዛሉ። ክፍት ተቋም መጨናነቅን ለማቃለል ተብሎ በቀጠሮ እስረኞች ከተሞላ፣ በንድፉ ያልነበረው አጥር ውሎ አድሮ መገንባቱ አይቀርም።