በዱቄት የተጀመረ፥ በእሳት የታወቀ፤ የሴሪየም ታሪክ

በኬሚስትሪ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ግርጌ፥ ከሌሎቹ ተለይተው የተቀመጡ ሁለት ረድፎች አሉ። በላይኛው ረድፍ ያሉት ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች ይባላሉ። ስማቸውን ብቻ ስንሰማ ከኑሮአችን የራቁ ይመስሉን ነበር። ነገር ግን ከነርሱ አንዱ የኾነውን የሴሪየምን ታሪክ ስንመረምር፥ በማሾ ፋኖስና በሲጋራ መለኮሻ ውስጥ አገኘነው።

ሴሪየም በ1803 ዓ. ም. (ዘመናቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በስዊድን አገር በበርሴሊዩስና በሂሲንገር፥ በጀርመን አገር ደግሞ በክላፕሮት ተገኘ። ስሙም የወጣለት በ1801 ከታየችው፥ ሴሬስ ከምትባለው ትንሽ የሰማይ አካል ነው። ሊቃውንቱ ያገኙት ግን ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደውን ዱቄት እንጂ ንጹሑን ሴሪየም አልነበረም፤ ለዚያ እስከ 1875 መቈየት አስፈለገ። ንጹሑ ሴሪየም ግራጫና ለስላሳ ነው፤ አየር ሲነካው ቶሎ ይደበዝዛል። ብርቅዬ ይባል እንጂ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። አስቸጋሪው፥ በጠባይ እጅግ ከሚመስሉት ወንድሞቹ መለየቱ ነው።

በ1858 በቪየና የተወለደው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ይህን የመለየት ሥራ ከያዙት ሊቃውንት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የኤውሮፓ ከተሞች የሚበሩት በጋዝ ነበልባል ነበር፤ ብርሃኑ ግን ደካማ ነው። አወርም የጥጥ መረብ በነዚህ ንጥረ ነገሮች ጨው ነክሮ በነበልባሉ ላይ ቢያኖረው፥ ጥጡ ተቃጥሎ የቀረው ዐመድ የመረቡን ቅርጽ እንደ ያዘ በብርቱ አበራ። ይኹን እንጂ በ1885 ያወጣው የመጀመሪያው መረብ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያደላ፥ ራሱም በቀላሉ የሚሰበር ስለ ነበረ ገበያ አጣ። አወር ግን ተስፋ አልቈረጠም። በ1891 ከመቶው 99 እጅ ቶሪየም ኦክሳይድ፥ 1 እጅ ብቻ ሴሪየም ኦክሳይድ ያለበትን መረብ አቀረበ። ቶሪየሙ ብቻውን ሲኾን ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ያች አንድ እጅ ግን ደማቅ ብርሃን አመጣች።

ይህ ድል ሌላ ችግር ወለደ። ቶሪየም ሞናዚት ከሚባል ማዕድን ይወጣል፤ በማዕድኑ ውስጥ ግን ከቶሪየሙ ይልቅ ሴሪየምና ወንድሞቹ ይበዛሉ። ስለዚህ ቶሪየሙ ከተወሰደ በኋላ ጥራጊው ይከመር ነበር። አወር ከጥራጊው የወጣውን ሴሪየም ከመቶ 30 እጅ ያህል ብረት ጨምሮ ቢያቀልጠው፥ ሲፋቅ የእሳት ፍንጣሪ የሚረጭ ነገር ኾነለት። ይህንም በ1903 በስሙ አስመዘገበ። በመለኮሻ ውስጥ ያለችው ትንሽ «ድንጋይ» ይህች ናት።

በአገራችንም ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ቦታ ለሠርግና ለለቅሶ የሚበራው ማሾ የአወር መረብ ዘር ነው። ቶሪየም ጨረር ስለሚያመነጭ ዛሬ በብዙ መረቦች በሌላ ተተክቷል። ሴሪየም ግን መስተዋት ለመወልወልና በመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ መርዛሙን ጋዝ ለመቀነስ ያገለግላል።

ከሁሉ የገረመን፥ ሊቁ ኹለት ጊዜ የተጣለ ነገር ማንሣቱ ነው፤ መጀመሪያ የራሱን ያልተሳካ ሥራ፥ ቀጥሎም የፋብሪካ ጥራጊ። እኛም በቤተ ሙከራችን ሥራው አልሳካ ሲለን፥ ደብተራችንን ከመዝጋታችን በፊት በብርጭቆው ግርጌ የቀረውን እንመልከት።